ንጉሡ ፍርዱን ሲያከብደው

ሰላም ለሁላችሁ። የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 14ኛን ባለፈው ዘግተነዋል ብዬ ነበር። የፉኬ ነገር ግን አልለቀቀኝም።

ኒኮላ ፉኬ፣ የሉዊ የገንዘብ ሹም። በፈረንጆቹ ኦገስት 17፣ 1661 ቮ ለ ቪኮምት በተባለው ቤቱ ለንጉሡ ያን ትልቅ ድግስ የደገሰው። ሃያ ቀን እንኳን ሳይሞላ የመንግሥት ገንዘብ አጥፍቷል ተብሎ ናንት ከተማ ላይ ተያዘ። ድግሱን እንተወው፣ አውርተነዋል። የከነከነኝ የፍርዱ ቀን ነው።

ዲሴምበር 1664። ክሱ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዳኞቹ ተመርጠው የተሰየሙ ናቸው። ሰነዶቹ ያሉት በከሳሾቹ እጅ ነው። የፉኬ ተቀናቃኝ የሆነው የንጉሡ ሹም ኮልቤር የሚፈልገው ሞት ነው። ከዚያ ኦሊቪዬ ዶርሜሶን ይነሳል። መዝገቡን የያዘው ዳኛ ነው። ለቀናት ነገሩን ሲተነትን ይቆይና፣ ሞት አይገባውም፣ ከአገር ይባረር ይላል። ድምፅ ተሰጠ። 13 ለመባረር፣ 9 ለሞት።

በቃ፣ ሰውየው ተረፈ አይደል? ንብረቱ ይወረስ፣ ከፈረንሳይ ይውጣ፣ አለቀ።

አላለቀም። የፍርድ ሁሉ ምንጭ ንጉሥ ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ለተፈረደበት ምሕረት ማድረግ ይችላል። ሉዊ በዚያችው ሥልጣን ተጠቅሞ ፍርዱን ወደ እድሜ ልክ እስራት ቀየረው። አከበደው! ሰው ለማዳን የተሰጠች ሥልጣን እኮ ናት። የአገር ምስጢር ያውቃል፣ ውጭ ከሄደ አደገኛ ነው ተባለ። ዳርታኛን፣ አዎ የ«ሦስቱ ሙስኬተሮች» ልቦለዱ እሱው፣ ናንት ላይ ፉኬን የያዘው፣ አጅቦ ፒኔሮል ምሽግ አደረሰው። እዚያ ወረቀትና ቀለም ተከለከለ። በዶሮ አጥንት፣ ጥላሸትና ወይን ጠጅ እየበጠበጠ ይጽፍ ነበር። በ1680 እዚያው ሞተ።

እኔ የማስበው እነዚያን 13 ዳኞች ነው። ውሳኔው ሲቀየር ሲሰሙ ምን ተሰማቸው? ዶርሜሶን የዕለት ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ስለ ችሎቱ ብዙ የምናውቀው ከሱ ነው። ሹመት ግን ከዚያ ወዲያ ራቀው። ሰው በእውነት ፈርዶ...

ቆይ፣ ፉኬም ንጹሕ አልነበረም። የራሱና የመንግሥቱ ገንዘብ ተደባልቆበታል። ቤል ኢልን የሚያህል ደሴት ገዝቶ ምሽግ ያሠራ ነበር። ዋናው ሚኒስትር የነበረው ካርዲናል ማዛረንስ ታዲያ? በዚያው በ1661 ሲሞት የተወው ሀብት ስንት ነው! እሱን ማን ጠየቀ?

ደግሞ ሉዊን ክፉ ልለው ስል የ12 ዓመቱ ልጅ ይመጣብኛል። ፌብሩዋሪ 1651፣ ሌሊት። ንጉሡን ከፓሪስ ሊያሸሹት ነው ተብሎ ሕዝቡ የሚኖርበትን ቤተ መንግሥት፣ ፓሌ ሮያልን፣ አጥለቀለቀው። እናቱ አስገቡዋቸው አለች። እየመጡ አልጋው ላይ መተኛቱን አዩ። ተኝቶ አልነበረም ይባላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። አስቡት፣ የማያውቁት ሰዎች ትንፋሽ ፊቱ ላይ ነው። ያ ልጅ አድጎ ሰው ማመን ቢያቅተው ይፈረድበታል?

ይፈረድበታል መሰለኝ። ፉኬ እኮ እዚያ ክፍል የገባ ሰው አይደለም።

ለእህቴ ስነግራት፣ «ዳኞቹማ ሠርተዋል፣ ሰውየው አልተሰቀለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን 9ኙ ቢበልጡ ኖሮ ሉዊ ይምረው ነበር? አንዳንዴ አዎ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ፒኔሮል ትዝ ሲለኝ... እንጃ። ያ ምሕረት ቢሆንስ፣ ምን ዓይነት...