ሳሎን ድረስ የገባ ሰላይ

እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ኢንተርኔትና ስለ ሰብአዊ መብት ተናገር ስባል ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ስለዚህ አንድ የክስ መዝገብ ብቻ ይዤ መጣሁ። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰ ነው።

ከሳሹ እንደኛው ነው። ከኢትዮጵያ ተሰዶ ጥገኝነት ያገኘ፣ በኋላም የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ። መዝገቡ ላይ «ኪዳኔ» ይባላል። እውነተኛ ስሙን የደበቀው አገር ቤት ላሉት ዘመዶቹ ሰግቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የዎርድ ፋይል የተያያዘበት ኢሜይል ተላልፎ ደረሰው። ከፈተው። በቃ፣ ጥፋቱ ይኼው ነው። እኔም ብሆን እከፍተው ነበር። በቀን ስንት ነገር ነው ፎርዋርድ የሚደረግልን?

ፋይሉ ፊንስፓይ የሚባል፣ ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ሶፍትዌር ይዞ ነበር። ክሱ እንደሚለው ለወራት የስካይፕ ንግግሩን እየቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ላከ። በ2013 ሲቲዝን ላብ የሚባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ጉዳዩን ሲያጋልጥ፣ ሶፍትዌሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። አሻራው ግን ቀረ።

እኔን የከነከነኝ ስካይፑ አይደለም። ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ የቤት ሥራ ስለ ስፖርት ሕክምና ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሁሉ አብሮ ተለቅሟል። እስቲ አስቡት፤ አንዱ ሰላይ ደመወዝ እየተከፈለው የልጅ የቤት ሥራ ሲያነብ!

ኪዳኔ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ተሸነፈ። ይግባኝ አለ፤ ማርች 2017 ላይ እንደገና ተሸነፈ። በአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥት እንዲሁ አይከሰስም። እንዲህ ባለው ክስ በሩ የሚከፈተው ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ እዚህ አገር ከተፈጸመ ነው። ዳኞቹ ደግሞ ነገሩ የተጠነሰሰው ውጭ አገር ነው አሉ። ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ፣ ሰውየው ሜሪላንድ፣ ልጁም ሜሪላንድ! ሰላዩ በአካል መጥቶ በር ሰብሮ ቢገባ ኖሮ ምናልባት ይከሰስ ነበር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዚያን ጊዜውን መንግሥት የደገፈም የተቃወመም አለ። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ዛሬም አትነጋገሩም። እሱ መንግሥት ሄዷል። ፍርዱ ግን እንዳለ ነው፤ ነገ ለማንኛውም መንግሥት፣ የማናችንንም ኮምፒውተር ለሚጠልፍ፣ መከለያ ይሆናል።

ይህን ሕግ ማስተካከል የሚችለው ኮንግረስ ነው። ለተወካዮቻችን የጻፍነው ደብዳቤ በር ላይ ተቀምጧል። ቡናው ከመቅረቡ በፊት አንብባችሁ፣ ከተስማማችሁ ፈርሙ። እስክሪብቶ ከጠፋ እኔ ጋ አለ።