ለመርዶ የሚጠራ ዕድሜ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ማይኩና እኔ ብቻ ነን። ይሄን ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ጊዜ እጀምረውና መሃል ላይ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ዛሬ ብቻዬን ልጨርሰው።

28 ዓመቴ ነው። ስለ ዕድሜ መግፋት ላወራ ነው ስል፣ ታላላቆቻችን «ገና ምኑ ተነካና!» እንደምትሉኝ ይገባኛል። እናቴም ያለችኝ ይሄንኑ ነው። አረጀሁ እያልኩ አይደለም። ግን አንድ መስመር እያለፍኩ እንደሆነ ይሰማኛል። መስመሩ ደግሞ እኛ አገር ቀደም ብሎ ነው የሚመጣው።

ለምን መሰላችሁ? የኢትዮጵያ ሕዝብ መካከለኛ ዕድሜ 19 ዓመት ገደማ ነው። የአገሩን ሰው በሙሉ ከትንሽ እስከ ትልቅ ብናሰልፈው፣ መሃል ላይ የምናገኘው የ19 ዓመት ልጅ ነው ማለት ነው። ጃፓንና ጣሊያን ግን መሃል ላይ የሚቆመው ሰው ከ45 ዓመት በላይ ነው። እዚያ ብሆን ከትንንሾቹ ወገን ነበርኩ። እዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ታናሼ ነው። ታክሲ ውስጥ ዞር ዞር ብዬ ካየሁ ብዙ ጊዜ የምቆጠረው ከታላላቆቹ ጋር ነው። የሰፈር ልጆች ኳስ ሲያመልጣቸው «ጋሼ፣ ያቀብሉን» ይሉኛል። አቀብላቸዋለሁ።

ወረቀቱም ቢሆን ልዩ ልዩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ለስታቲስቲክሱ ሲል 24 ላይ ይዘጋዋል። በአንዱ ከወጣሁ ቆየሁ፣ በአንዱ ልወጣ ጫፍ ላይ ነኝ፣ በሌላው ገና ጊዜ አለኝ።

ስለ ሰውነት ብዙ አልልም። ምልክቶቹ አሉ። ቅዳሜ ኳስ ከተጫወትኩ ጉልበቴ እስከ ሰኞ ያስታውሰኛል። ፀጉር አስተካካዬ ባለፈው መቀሱን አቆመና በመስታወት እያየኝ «ነጭ አለች፣ ላውጣት?» አለኝ። ተዋት አልኩት። በኋላ ሳነብ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ከ30 ዓመት በፊት የሚመጣ ሽበት ያለጊዜው የመጣ ሽበት እንደሚባል አወቅኩ። ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው። አባቴም በወጣትነቱ ነው የሸበተው።

የእንቅልፉ ነገር ግን ገርሞኛል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ማምሸት ምንም አልነበረም። አሁን ምሽት 4 ሰዓት ሲል ዓይኔ ይከደናል። ስንፍና ወይም የሥራ ድካም ይመስለኝ ነበር። ቲል ሮነበርግ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጥናት አለ። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚተኛበት ሰዓት እየመሸ እየመሸ ይሄድና 20 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ እያደር በጊዜ ወደ መተኛት ይመለሳል። ተመራማሪዎቹ ያቺ መታጠፊያ የጉርምስና ማብቂያ ምልክት ልትሆን ትችላለች ነው ያሉት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ከእንቅልፌ ጋር መጣላት ትቻለሁ። አጥንትም እንዲሁ ነው። ጥንካሬውን የሚያጠራቅመው እስከ 20ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያንን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ዕድሜያችሁ 20፣ 22 የሆነ አድማጮቼ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ፀሐይ ሙቁ፣ ምግብ አትዝለሉ። የምሬን ነው።

ግን እኔን የያዘኝ ይሄ ሁሉ አይደለም።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሰፈራችን ለልማት ተነሳ። ከዚያ በፊት በ2016 ፒያሳ፣ እነ ዶሮ ማነቂያ ተነስተው ነበር። ከእኛ ጎረቤቶች ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። እኛ ሌላ አቅጣጫ ኮንዶሚኒየም ነው የደረሰን። ወረቀቱ በመጣ ጊዜ አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ ደገመው፣ ከዚያ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እስኪ አንተ እየው» አለኝ። አባቴ ማለት ወረቀት በሕይወቱ ለማንም አሳልፎ የማይሰጥ ሰው ነው። የቤቱን ደብተር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የኖረ ሰው። ወረቀቱን ተቀበልኩት። ፊርማው የሱ ነበር፣ ግን እኔ «እሺ» እስክል ጠበቀኝ።

ከወራት በኋላ ከአጎቴ ልጅ ጋር በዚያ አለፍን። የ2000 ልጅ ነው፣ የሚሊኒየሙ። እኔ ሚሊኒየሙን አስታውሳለሁ፣ 10 ዓመቴ ነበር። እሱ ዘንድሮ 18 ሞልቶት መታወቂያ ሊያወጣ ነው። «እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበር፣ እዚህ ጋ ቆርቆሮው አጥር፣ በዚህ በኩል ወደ እኛ በር ያስገባል» እያልኩ ሳሳየው ቆየሁ። የማሳየው ሰፊ መንገድ ነው። የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት። ያምራል፣ አልክድም። ግን የግቢያችን በር የት ጋ እንደነበር እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ልጁ በጨዋነት ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። ያንን መነቅነቅ አውቀዋለሁ። አባቴ ስለ ድሮው ካዛንቺስ ሲያወራኝ እኔም እንደዛ ነበር የምነቀንቀው።

አባቴ «ድሮ እዚህ ጋ» ማለት ሲጀምር 50ዎቹ ውስጥ ነበር። እኔ 27 ዓመት ነበርኩ። የአዲስ አበባ ልጆች በዚህ በኩል ቶሎ ነው ያደግነው። የምናስታውሰው ነገር ከእኛ ቀድሞ ሄደብን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ። የድሮ ሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ከዚያ «እናትህ አጠገብህ ናት?» አሉኝ። አዎ ስላቸው «ወጣ በል እስኪ» አሉ። ወጣሁ። የጎረቤታችን፣ እኛን ከልጆቿ ሳትለይ ያበላች ሴት ወንድም ጎንደር አርፈዋል። «ነገ 11 ሰዓት ላይ እንነግራታለን። ሰዉን አንተ አሰባስብልኝ።»

ድሮ ይሄ የኔ ሥራ አልነበረም፣ የማንም ወጣት ሥራ አልነበረም። ሁሉም በአንድ ሰፈር ስለነበር አንድ ትልቅ ሰው በር ለበር ዞሮ በሹክሹክታ ይጨርሰዋል። ለቀብር ሲሆን ደግሞ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። አሁን ጡሩምባ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ አይሰማም። በ11 ሰዓት ታክሲም የለም፣ ትልልቅ ሰዎች በጨለማ እንዴት ይመጣሉ? ስለዚህ ሚኒባስ መኮናተር፣ ማን ከየት እንደሚነሳ ማወቅ፣ ለእያንዳንዱ መደወል ያስፈልጋል። ያንን ስልክ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሠራው።

ሌላም ነገር ነበረ። ጎንደር ያለ የእህታቸው ልጅ የሟቹን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። የጎረቤታችን ልጆች ጓደኞቹ ናቸው። አንዱ ሌሊት ቢያየው እናትየው መርዶዋን የምትሰማው ከስልክ ነው፣ ብቻዋን፣ ያለ ሰው። ልጁን ቁጥሩን አፈላልጌ ደወልኩለት። እያለቀሰ ነው የሚያወራው። «እስከ ንጋት ብቻ አውርድልን» አልኩት። ወዲያው አወረደው። እግዚአብሔር ይስጠው።

በነጋታው በጨለማ ደረስን። ብርድ ነው። ጋቢ የለበሱ፣ ነጠላ የተከናነቡ፣ ሰላምታ እንኳ በጥቅሻ የሚለዋወጡ ሰዎች ደረጃው ሥር ቆመናል። ልጅ ሆኜ ይሄን ነገር የማውቀው ከአልጋ ውስጥ ነው። ጩኸት ይሰማል፣ ዘለን ስንነሳ «ግቡ እናንተ፣ ተኙ» እንባላለን። ከጩኸቱ በፊት ምን እንደሚደረግ አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ ሁሉም ነገር የሚሠራው ከጩኸቱ በፊት ነው። ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን ይናገር፣ ማን ውሃ ይያዝ፣ ሴቶቹ በየት በኩል ይቀመጡ። ደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷ የት እንዳለ የምታውቅ ማናት? ይሄ ሁሉ በሹክሹክታ ተነጋግረውበት አለቀ። ከዚያ ጸሐፊው ወደ እኔ ዞር አሉና «አንተ ከጎኗ ሁን። ከወደቀች የምትይዛት አንተ ነህ» አሉኝ።

ተንኳኳ። ልጇ ከፈተች። እሷ ነጠላዋን እየደረበች ወጣች። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በር ላይ ሲታይ ንግግር አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቃል። አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። «አንተም መጣህ?» አለችኝ።

ከዚያ ነው የጮኸችው።

ያዝኳት። ከባድ አይደለችም። ትንሽ ሴት ሆናለች፣ በልጅነቴ ትልቅ ነበረች። እንዴት እንደሚያዝ ማንም አላስተማረኝም፣ ግን ጸሐፊው ከኋላ «ደረቷን እንዳትመታ፣ እጇን፣ እጇን» ይሉኛል። እጇን ያዝኩ። ሲነጋጋ ድንኳኑ መጣ፣ ወንበሩ ወረደ። እኔ በልማድ ለመሸከም ተነሳሁ። ለቅሶ ቤት የኔ ቦታ ሁሌም እዚያ ነበር፣ ድንኳን መትከል፣ አግዳሚ መሸከም፣ ውሃ መቅዳት። ጸሐፊው ክንዴን ያዙኝ። «ተቀመጥ፣ ልጆቹ ይሠሩታል» አሉ። ልጆቹ የተባሉት እነዚያ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው። ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጥኩ።

ከሽበቱም ከጉልበቱም በላይ ይሄኛው ነው የደረሰብኝ። ዕድሜዬ እየገፋ መሆኑን ያወቅኩት፣ ድሮ ይደብቁኝ የነበሩ ሰዎች አሁን ቀድመው ለእኔ ሲነግሩኝ ነው። ደስ ይላል? ያስፈራል? ሁለቱም አለበት። ግን ብታምኑም ባታምኑም ያን ጠዋት በዚያ በር ላይ መቆሜን በምንም አልለውጠውም። ያቺ ሴት ብቻዋን አልሰማችም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጸሐፊው ትልቅ ሰው ናቸው። መዝገባቸውን አሳይተውኛል። ጠንካራ ሽፋን ያለው የቆየ ደብተር ነው። አባላቱ የተጻፉት በቤት ቁጥር ነው። የቤት ቁጥር፣ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት። ቤቶቹ የሉም። ቁጥሩ ግን በእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ አሁንም ሰፈር ነው። ስም ስጠራላቸው «እሷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ናት» ይሉኛል። አሁን እሁድ እሁድ አብረን ተቀምጠን ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ስልክና አሁን ያለበትን ቦታ እየጻፍን ነው። ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ለማን በስልክ ፈጽሞ እንደማይነገር ጭምር ይነግሩኛል። ይሄ የትም አልተጻፈም። እኔም ደብተሩ ላይ አልጽፈውም፣ እይዘዋለሁ።

በስሜ እድር ልግባ ብዬም አመልክቻለሁ። በእኛ እድር አባል የሚሆነው ቤት የመሠረተ ሰው ነው፣ ያላገባ ልጅ በእናት አባቱ ነው የሚታቀፈው። ስለዚህ «ሳያገባ?» ያሉ አሉ። «ዕድሜውማ ደርሷል» ያሉም አሉ። በወሩ ስብሰባ ይታያል ተብያለሁ። የመጣውን እነግራችኋለሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰፈራችሁ የተበተነ፣ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ የትም ሁኑ፣ መርዶ እንዴት ነው የምትነግሩት? ሰው ራቅ ራቅ ብሎ ሲኖር ማን ነው የሚሄደው? ከቤተሰቡ ማን ቀድሞ ይነገረዋል? ስልኩንስ እንዴት ትጠብቁታላችሁ? ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ። ለጸሐፊው አሰማቸዋለሁ፣ እሳቸውም መስማት ይፈልጋሉ። በሚቀጥለው ክፍል ከመልሶቻችሁ ጋር እመለሳለሁ። ደህና ሰንብቱ።