አቮካዶው ዛፍ ላይ አይበስልም

ብሩክ፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ ሄለን አንድ ፌስታል ሙሉ አቮካዶ ይዛ ነው የመጣችው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋዋለች፤ ማይኩ ራሱ ቦታ አጥቷል።

ሄለን፦ የጓሮዬ ነው፣ አትቀልድበት! 9 ዓመት የጠበቅኩት ነው።

ብሩክ፦ እስቲ ልጫነው... ሄሉ፣ ይሄ ድንጋይ ነው እኮ።

ሄለን፦ ታሪኩም እሱ ነው። በልተን የተረፈውን ዘር ነበር ጓሮ የቀበርነው። ዘንድሮ ገና በደንብ ያዘ። እኔ ደግሞ እስኪበስል ብዬ ጠበቅኩ። በየጠዋቱ በፒጃማ ወጥቼ እጫነዋለሁ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር... ንቅንቅ የለም! አንድ ቀን ጎረቤቴ በአጥር በኩል አዩኝ። ትልቅ ሴት ናቸው። "ልጄ፣ አቮካዶ እኮ ዛፉ ላይ አይበስልም። እስከ መቼ ልታሻሺው ነው?" አሉኝ።

ብሩክ፦ (እየሳቀ) እውነታቸውን ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ ይደርሳል እንጂ አይበስልም። መድረስና መብሰል ሁለት ነገር ነው። ሲቆረጥ ነው ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ በደንብ ማውጣት የሚጀምረው። የሚያለሰልሰው እሱ ነው።

ሄለን፦ መድረሱን ታዲያ በምን አውቃለሁ?

ብሩክ፦ ቆዳው ማብረቅረቁን ትቶ ደብዘዝ ይላል። ዋናው ግን አንዱን ቆርጦ መሰዋት ነው። ዘሩን የሸፈነችውን ስስ ልባስ እያት። ቡናማ ሆና እንደ ወረቀት ከደረቀች ደርሷል። ነጣ ያለችና ወፈር ያለች ከሆነች ገና ነው። ጮርቃውን ከቆረጥሽው ቁጭ ብሎ ይጨማደዳል፤ ስትበይው ጎማ ነው።

ሄለን፦ እሱንማ ቀምሼዋለሁ። አንድ ፍራፍሬ ቤት "ለነገ ይደርስልሻል" ብሎ ሸጠልኝ። አንድ ሳምንት ቆየ፣ ተሸበሸበ፣ ጣልኩት። እስካሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ብሩክ፦ እነዚህን ጤፍ ውስጥ ቅበሪያቸው።

ሄለን፦ አያቴም እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ማንጎውን የጤፍ በርሜል ውስጥ ትደብቀዋለች። እኛ ደግሞ እጃችንን እስከ ክንዳችን ከተን እንፈልጋለን። ጤፉ በየቦታው ይበተናል፣ ቁጣው አይጣል ነው! ግን ጤፉ ምን ያደርግለታል?

ብሩክ፦ ጤፉ ራሱ አያበስልም። ፍሬው ያወጣው ጋዝ እንዳይበተን አፍኖ ይይዝለታል፤ ሙቀቱም አለ። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከበሰለ ሙዝ ጋር ብትጨምሪውም ያው ነው፤ ሙዙ ጋዙን ያበድረዋል። ፍሪጅ ውስጥ ግን ጥሬውን እንዳትከቺ፣ እዚያው ይደነዝዛል።

ሄለን፦ ሙዝ አንዳንዴ ላምባ ላምባ የሚለውስ?

ብሩክ፦ ከአርባ ምንጭ በኩል በጥሬው ተጭኖ የሚመጣውን ሙዝ የሚያበስሉት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ የላምባ ምድጃ ለኩሶ በሩን ይዘጋል። ጭሱ ውስጥ ኤቲሊን ስላለ ሙዙ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ሽታው ግን አብሮ ይገባል። እኔ በበኩሌ ነጠብጣብ ያለበትን ሙዝ ነው የምመርጠው።

ሄለን፦ እሺ፣ አሁን የኔ ተራ። ቅዳሜ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሄጄ ነበር።

ብሩክ፦ እኔ እኮ አዲስ አበባ ተወልጄ አንድም ቀን አልሄድኩም።

ሄለን፦ አታፍርም? እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከተማ አስተዳደሩ ናቸው ያቋቋሙት። እኛ እንጦጦ ሲባል ባሕር ዛፍ ነው የምናውቀው አይደል? እሱ በምኒልክ ጊዜ የመጣ የአውስትራሊያ እንግዳ ነው። እዚያ ግን የአገሩን ዛፍ እየመለሱት ነው፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው። እሾሁን ከቻልክ አጋምና ቀጋም አለ።

ብሩክ፦ ኮሽምስ? ልጅ ሆነን አጥር ላይ የምንለቅመው። ጥርስ የሚያሳክከው!

ሄለን፦ ስሙን ስትጠራው ምራቄ መጣ። ጥቁር እንጨትን ደግሞ አየሁት። ረጅም ነው፣ ቅርፊቱ ጥቁር ሻካራ። የጓሯችን ኮክ ዘመዱ እንደሆነ ታውቃለህ?

ብሩክ፦ ኮክ የምንበላው?

ሄለን፦ አዎ፣ ከአንድ ወገን ናቸው። ሳይንሱ ሁለቱንም ፕሩነስ ነው የሚላቸው። ግን ካየሁት ሁሉ የገረመኝ ኮሶ ነው። አንዱ ዛፍ ላይ ቀይ፣ ወፍራም፣ ወይን የመሰለ ዘለላ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ሳሳ ያለ፣ ላባ የመሰለ፣ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ። ሌላ ዛፍ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀዩ ሴቴ፣ ሌላው ወንዴ ኮሶ ነው።

ብሩክ፦ ዛፉ በሙሉ ወንዴ?

ሄለን፦ በሙሉ! ድሮ ለኮሶ ትል የሚጠጣውም የሴቴዋ አበባ ነው። ምነው ዝም አልክ?

ብሩክ፦ ቆይ... እማዬ ባሕር ዳር ፓፓያ አላት። 3 ዓመቱ ነው። አበባው ይንዠረገጋል፣ ፍሬ ግን የለም።

ሄለን፦ አበባው ግንዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ነው ወይስ ረጅም ክር ላይ ተንጠልጥሎ?

ብሩክ፦ ክር ላይ። እንደ ጆሮ ጌጥ።

ሄለን፦ አይ ብሩክዬ፣ ወንዴ ነው! ፓፓያም እንደ ኮሶ ነው። እስኪያብብ ደግሞ አይታወቅም። ለዚህ ነው የሚያውቁ ሰዎች አንድ ጉድጓድ ላይ 3 እና 4 ችግኝ የሚተክሉት። ሲያብብ ሴቴዋን ያስቀሩና ሌላውን ይነቅላሉ። ለአካባቢው አንድ ወንዴ ቢቀር ይበቃል።

ብሩክ፦ ስለዚህ እኔ ስለ ጋዝ ስፎክር እማዬ 3 ዓመት ወንድ ስታጠጣ ኖራለች?

ሄለን፦ (ትስቃለች) የኔ አቮካዶ ደግሞ የባሰበት ነው። አንዷ አበባ መጀመሪያ ሴቴ ሆና ትከፈታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ስትከፈት ወንዴ ናት።

ብሩክ፦ እሱን ለእማዬ አልነግራትም። የፓፓያውን ግን አሁኑኑ ልደውልላት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት መክሯት ግንዱ ላይ ሚስማር መትታበታለች።

ሄለን፦ ሚስማር?

ብሩክ፦ "ደንግጦ ያፈራል" ብለዋት ነው። ሁለተኛውን ልትመታ ቅዳሜን እየጠበቀች ነው።