መሕዲውን ከእስር ያስፈታው ሰው

በሰሜን አፍሪካ ይሰብክ የነበረውን አቡ አብደላህን ካለፈው ክፍል ወዲህ ልተወው ብሞክርም አልተወኝም። እህቴ እንደልማዷ «አንተና የሞቱ ነገሥታትህ» ብላኛለች፤ ይህ ሰው ግን ንጉሥ አልነበረም፣ የሚያብሰለስለኝም ይኸው ነው።

በኩታማ በርበሮች መካከል ተቀምጦ ዓለምን በፍትሕ የሚሞላው መሕዲ ሊገለጥ ቀርቧል እያለ ሰበከ፤ በዚያ ተስፋ ያሰለፈውን ጦር መርቶ በ909 (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) በዛሬዋ ቱኒዚያና አካባቢዋ ይገዛ የነበረውን የአግላቢዶችን መንግሥት ጣለ። አገሩ ሁሉ በእጁ ሳለ ግን ዙፋኑን ለራሱ አላደረገውም፤ በረሃውን አቋርጦ በዛሬዋ ሞሮኮ እስካለችው ሲጂልማሳ ዘመተና እዚያ ተይዞ የነበረውን፣ መሕዲው እርሱ ነው የተባለውን አብደላህ አልመሕዲን አስፈታ። ከዚያም እያለቀሰ ለወታደሮቹ «ጌታዬም ጌታችሁም ይህ ነው» አላቸው።

በ911 መጀመሪያ ያ ጌታ አስገደለው።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የራሱ የኩታማ ሰዎች ሊገድሉት ሲቀርቡ «ልጄ ሆይ፣ አታድርገው» ቢል፣ «ታዘዙት ያልኸን እርሱ ግደሉት ብሎ አዘዘን» የሚል መልስ አገኘ። ይህን መልስ ደጋግሜ አስበዋለሁ፤ ገዳዩ እየከዳው ነበር ወይስ የተማረውን እየፈጸመ? ሁለቱንም ነው ልል እወዳለሁ፤ ግን እንዲህ ስል ከጥያቄው እየሸሸሁ እንዳይሆን እፈራለሁ።

በእርግጥ ጥርጣሬው አስቀድሞ ገብቶ ነበር። ኩታማዎች ተአምር ጠበቁ፤ ያገኙት ግን ግብር የሚሰበስብና ከወደቀው መንግሥት የቀሩ ጸሐፊዎችን በሥራቸው ያቆየ ገዢ ነበር። ምልክት አሳየን ያለው ሽማግሌያቸውም ተገደለ። ተስፋው ወደ አልመሕዲ ልጅና ወራሽ ተሸጋገረ፤ ልጁ ስሙ መሐመድ፣ የአባቱም ስም አብደላህ ስለሆነ፣ የመሕዲው ስም ከነቢዩ ከነአባቱ ስም ጋር ይገጥማል የተባለው ትንቢት ለእርሱ ይስማማ ነበር። ብልሃት ነው ብዬ ልስቅ እልና ደግሞ እነርሱም አምነውት ከሆነስ እላለሁ። በዚሁ ልጅ ዘመን አህያ ጋላቢው ዓማፂ አቡ የዚድ ተነሥቶ መሕዲያ ከተማን ሲከብብ፣ ፋጢማውያን (የአልመሕዲ ሥርወ መንግሥት) ደጃል፣ ማለትም በዘመን ፍጻሜ የሚነሣው ሐሳዊ መሲሕ ብለውታልና የፍጻሜው ቋንቋ ገና አልነጠፈም ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

አልመሕዲ ግን ባስገደለው ሰው ላይ ራሱ የጀናዛ ሶላት ሰግዶ፣ ስለ ድካሙ አላህ ዋጋውን እንዲከፍለው ለመነለት ይባላል። ኩታማዎችን ለማብረድ ነው ማለት ይቀለኛል፤ ምናልባትም ነው። ከልቡ ከሆነ ግን… እርሱን እንጃ።