«እኔ ምንም አልሆንኩም» ሲል

[ድምፅ፦ በር ድው ብሎ ሲዘጋ]

ነፋስ ነው በሩን የዘጋው። ሁላችሁም ዞር ብላችሁ አያችሁና ወደ ጨዋታችሁ ተመለሳችሁ። ከከባድ አደጋ የተረፈው የቤታችሁ ሰው ግን አልተመለሰም። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ብርጭቆውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሏል። «ምነው?» ስትሉት «ምንም» ይላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በማይረባ ነገር ቱግ ይላል።

ከአደጋው በፊት ሳቂታ ሰው ነበር። አሁን ሰው ሁሉ «ጠባዩ ተበላሸ» ይለዋል። ይህ አባባል ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የምናየው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

[ምስል፦ የአንጎል ሥዕል፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ]

አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋ ሲመጣ ደወል ይደውላል። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ «ተረጋጋ፣ በር ነው» ይለዋል። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ ደወሉ ቶሎ ቶሎ ይጮኻል፤ የሚያረጋጋው ድምፅ ይደክማል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቁጣ ይቀርባል፣ ፍቅር እንኳ የደነዘዘ ይመስላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ወር አልፎ ኑሮን ሲያውክ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ (ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም) ይሉታል። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በዚህ ስሙ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አደጋው ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ፣ የጠባይ ለውጡ ከአንጎል ጉዳትም ሊመጣ ስለሚችል ይህን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ታዲያ እርዳታ ለምን እምቢ ይላል?

ከሕመሙ ዋና ምልክቶች አንዱ ሽሽት ነው። ያን ቀን ከሚያስታውስ ቦታ፣ ሰው፣ ወሬ ሁሉ መሸሽ። ባለሙያ ፊት መቀመጥ ደግሞ እሱ ዘንድ ያን ቀን እንደገና መኖር ነው። ስለዚህ እምቢታው ራሱ ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ጋር የመጣ ነው፤ ግትርነት ወይም ንቀት አድርጋችሁ አትውሰዱት።

«ታመሃል፣ ታከም» ካላችሁት «እብድ ነኝ እንዴ?» ይላል፤ ወሬው እዚያው ያበቃል። እሱ ራሱ ከሚያማርርበት ነገር ጀምሩ። ከጠብ በኋላ ሳይሆን ሰላም በሆነ ሰዓት፦ «ሌሊት ስትነሳ እሰማሃለሁ። ስለ እንቅልፉ ብቻ ሐኪም እንጠይቅ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።» የሆነውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እንዲተርክ እንደማይገደድም ንገሩት። ብዙዎች ይህን አያውቁም።

እንግዳ ሲመጣ «ተኝቷል» እያሉ መሸፈን፣ ቤቱን በሙሉ በሱ ፍርሃት ልክ መስፋት ለጊዜው ያሳርፋል። ግን ሽሽቱን ያጠነክረዋል። ሰው ላይ እጅ ማንሳትን በሕመም ስም አትታገሡ። ስለ መሞት ካወራ ደግሞ በምስጢር አትያዙት፤ ያኔውኑ እርዳታ ጥሩ፣ ብቻውንም አትተዉት።

ዛሬም እምቢ ካለ ቀጠሮውን ለራሳችሁ ያዙት። ባለሙያው ፊት ተቀምጣችሁ ሳምንቱን ንገሩት፤ በሩን፣ ብርጭቆውን፣ ሌሊቱን። ማታ ቤት ስትገቡ የት እንደዋላችሁ ለሱም ንገሩት።