ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

የተከበራችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን ድረስ የመጣችሁ ወገኖቼ፣

ዛሬ እዚህ ቱሉ ዲምቱ የተሰበሰብነው ስለ አንድ ልማዳችን ለመነጋገር ነው። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የተጫነበት ላፕቶፕ ሲያስቸግረን አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህ አንዳንዴ ችግሩን ያስወግዳል፤ ማስረጃውን ግን ሁልጊዜ ያጠፋል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽትም ውሎ አድሮ ይመለሳል፣ ወይም በሌላ ሰው ማሽን ላይ ይወጣል።

ይህን ያስተማረኝ የአንዲት የማታ ተማሪ ላፕቶፕ ነው። ክዳኑን ዘግታ ስትከፍተው ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረግሁት፤ በሁለተኛው ጊዜ ሌላ ቦታ ያልገለበጠችው የመመረቂያ ጽሑፏ አንድ ምዕራፍ አብሮ ጠፋ፤ ይህን ዛሬም በጸጸት አነሣዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ይዛው ስትመጣ ምንም ሳልነካ መዝገቡን ለማንበብ ተቀመጥሁ።

ሊኑክስ ስለ ውስጡ ብዙ ይመዘግባል። ጆርናልሲቲኤል የተባለው ትእዛዝ፣ መዝገቡ እንዲቀመጥ በተደረገበት ማሽን ላይ፣ ማሽኑ ባለፈው ጊዜ ከተነሣበት እስከጠፋበት ድረስ የተመዘገበውን ያሳየናል፤ ማሽኑ ደርቆ በኃይል ካጠፋነው በኋላ የምናነበው ይኸንን ያለፈውን እንጂ የአሁኑን አይደለም። እዚህ ላይ የእኛን አገር ጠጋኝ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ደንበኛ «ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ደረቀብኝ» ሲል በመዝገቡ የምንፈልገው 21 ሰዓትን ነው፤ በቀጥታ 3 ሰዓትን ብንፈልግ የምናገኘው ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሆነውን ነው። እኔም መጀመሪያ የተሳሳተውን ሰዓት ሳነብ አንድ ከሰዓት በኋላ አጥፍቻለሁ። ትክክለኛውን ሰዓት ሳገኝ ከመተኛቱ በፊት የተጻፉት የመጨረሻ መስመሮች ስክሪኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ስሕተቶች ነበሩ። ከማስነሻው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) መርጬ ሳስነሳው ክዳኑ 10 ጊዜ ተዘግቶ ተከፈተ፣ 10 ጊዜም ስክሪኑ በራ።

ስለዚህ ብልሽቱ የመጣው ከከርነሉ ማሻሻያ ጋር ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ከርነል፣ ትናንት ይሠራ የነበረውን አዲሱ እትም እንዳያበላሽ ጥብቅ ደንብ አለው፤ «ያኛው እትም ይሠራል፣ ይህኛው አይሠራም» የሚል ሪፖርት ለአልሚዎቹ፣ ማለትም ለሚጽፉት ሰዎች፣ ትልቅ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በሁለቱ እትሞች መካከል 1,024 ለውጦች ቢኖሩ እንኳ፣ በየጊዜው እኩሌታውን እየጣሉ በ10 ሙከራ ጥፋተኛው ላይ መድረስ ይቻላል።

የአካል ብልሽት ሲሆን ምርመራው ያጥራል። በስክሪኑ ላይ የወጣው መስመር ሊኑክስ ገና ሳይነሣ፣ ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ በሚሠራው በባዮስ ገጽ ላይም ከታየ ሶፍትዌሩን አንውቀሰው፤ ገመዱን ወይም ስክሪኑን እንፈትሽ። ከፍላሽ የተነሣ ሊኑክስ ላይ ችግሩ ከሌለ ደግሞ ወደተጫነው ሥርዓት እንመለስ። ራሙን ሜምቴስት በተባለው መፈተሻ፣ ዲስኩን ስለ ጤንነቱ ራሱ በሚይዘው የስማርት መዝገብ መፈተሽ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈራችን ሊዘለል አይገባም።

ወደ ሪፖርቱ ልምጣ። የላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ የዋይፋይ ቺፕ ሊይዙ ይችላሉና። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ የሚሰጠንን የቺፑን መለያ ቁጥር እንጻፍ፤ 8086 ብሎ የሚጀምር ከሆነ የኢንቴል መሆኑን አንባቢው ወዲያው ያውቃል። የከርነሉን እትም፣ ዴስክቶፑ (የምንሠራበት ገጽታ) ጂኖም ይሁን ኬዲኢ፣ ምስሉ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው በዌይላንድ ይሁን በኤክስ ኢለቨን እንጨምር። «አልፎ አልፎ» ከማለት «ከ10 ጊዜ 7 ጊዜ» ማለት ይሻላል። ሪፖርቱ ቀድሞ የሚሄደው የተጠቀምንበትን ስርጭት (የሊኑክሱን ዓይነት) ወደሚያዘጋጁት ነው፤ ከመላኩ በፊት ግን በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን የደንበኛውን ስምና የዋይፋዩን ስም እናጥፋ፤ አደራ የተቀበልነው የሰው ንብረት ነው። እንግሊዝኛችሁ አጭርና ቀላል መሆኑ አያሳስባችሁ፤ የሚፈለገው ትክክለኛነቱ ነው።

በተለይ እንድታስቡበት የምለምናችሁ የፊደላችንን ጉዳይ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መግባቱ ብቻውን ግን በእያንዳንዱ ፕሮግራም በትክክል መጻፉን አያረጋግጥም። አይባስ በተባለው የፊደል መጻፊያ ስንጽፍ «ሉ» ሊሆን የሚገባው «ልኡ» ሆኖ ቢወጣ፣ አማርኛ የማያነብ አልሚ ስሕተቱን በዓይኑ አይቶ ሊለየው አይችልም። እኛ ዝም ካልን፣ ከማን ይሰማል?

በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ ይህንኑ ችግር ያሳያል፤ ባለቤቱም አብሮን አለ። አሁን በአንድነት ችግሩን ደጋግመን እናስነሣውና በየትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚታይ እንመዝግብ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ሪፖርት ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንልካለን።