ድሬዳዋ የብድር ልጅ ናት

የተከበራችሁ የድሬ ነጋዴዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ሙቀት ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ቦንድ፣ ተበዳሪ ለአበዳሪው ስለሚሰጠው የብድር ወረቀት፣ እንዳወራ ነው የጋበዛችሁኝ። ቦንድ ሲባል ብዙ ሰው የአዲስ አበባ ጉዳይ ይመስለዋል። እኔ ግን ከእኛው ከድሬ ለገሃር፣ ከባቡር ጣቢያው ልጀምር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሐዲዱን የዘረጋው ኩባንያ ገንዘቡን ያሰባሰበው ፈረንሳይ አገር አክሲዮንና ቦንድ እየሸጠ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነው። ተራራው ወጪውን ሲያንረው ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፣ ከተማችንም እዚያው በቀለች። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ 1917 ሆኖ ነበር።

እስቲ ለመጀመሪያው ኩባንያ ያበደረውን ሰው አስቡት። ሐዲዱ ከተማ ወልዷል፣ አገር ጠቅሟል። አበዳሪው ግን ተበዳሪው ሲከስር ነው ያየው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም አብዛኛው ወጪው ከቻይና በመጣ ብድር ነው የተሸፈነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ተደረገ። ሥራው ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ ብድሩ በሰዓቱ ይመለሳል ማለት አይደለም። ይህንን እኛ ድሬዎች ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል።

አሁን ወደ ቀፊራ ገበያ ልውሰዳችሁ። አባቴ እዚያ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ከሚዛኑ ሥር ጠርዙ በዘይት የወዛ ሰማያዊ ደብተር ያስቀምጣል። የዱቤ ደብተር ነው። ስም፣ ዕቃ፣ ብር፣ የሚከፈልበት ቀን። የከፈለ ሰው ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። አባቴ ሰው ያውቃል፤ ለማይከፍል አይሰጥም ነበር። ግን አንድ ዓመት ደብተሩ ላይ ከነበሩት ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ደሞዝ ለወራት ዘገየ። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ታማኝ፣ ሁሉም በአንድ ቀን መክፈል አቃታቸው። ቀይ እስክሪብቶው ሥራ ፈታ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ የስኳር ጆንያው ባዶ ሆኖ በር ላይ ተጣጥፎ መቀመጡን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቦንድ ማለት ይኸው ደብተር ነው። ወረቀቱ ያማረ ቢሆንም፣ ማህተሙ ቢበዛም፣ አንድ ሰው ተበድሯል፣ እናንተ አበድራችኋል። ስለዚህ አባቴ የሚጠይቀውን ጠይቁ። ማነው የተበደረው? ከምን ገቢ ነው የሚከፍለው? መቼ? እሱ ሳይጠይቀው የቀረውን ደግሞ እናንተ ጨምሩበት፦ ያበደርኳቸው ሰዎች ሁሉ እንጀራቸው ከአንድ ምጣድ ነው ወይ?

መንግሥት አይከስርም የሚል አለ። አገራችን በ2007 ዓ.ም. ለውጭ ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣለች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ ዕድሜው 10 ዓመት። በ2016 ታኅሣሥ ላይ መከፈል የነበረበት 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ፣ ድርድር ተጀመረ። የራስን አገር ጉዳይ በአደባባይ መናገር አይቀልም፤ ግን ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ማወቅ አለበት። መንግሥት በራሱ ብር ሲበደር ብሩን የሚያሳትመው ራሱ ነው። ዶላር ግን አያትምም። በብር የተበደረ መንግሥት መክፈሉ ብዙም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ብሩ እጃችሁ ሲገባ ምን ይገዛል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ሳትነኩት 5 ዓመት ቢቀመጥ ወደ 140 ሺህ ይጠጋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር፣ ያኔ በ100 ሺህ የሚገዛው ዕቃ 249 ሺህ ይሆናል። 140 ሺህ ይዞ 249 ሺህ ፊት መቆም! በፈረንጆቹ 2022 ደግሞ ግሽበታችን ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከ100 አለፈ። ዕቃ ከጅቡቲ የምታስገቡ ሰዎች ይህንን ከእኔ አትማሩም። ስለዚህ የትኛውም ቦንድ 15 ወይም 18 በመቶ ይከፍላል ሲሏችሁ ቁጥሩን ብቻውን አትዩት፤ ከግሽበቱ ጎን አስቀምጡት።

ሌላው፣ ከመክፈያው ቀን በፊት ገንዘቡ ቢያስፈልጋችሁስ? ልጅ ታመመ፣ ዕቃ መጣ። የ10 ዓመት ቦንድ በ100 ሺህ ብር ገዛችሁ እንበል፣ ወለዱ 10 በመቶ። በነጋታው ገበያው ለአዲስ ቦንድ 15 በመቶ መክፈል ጀመረ። የእናንተን ማን በ100 ሺህ ይገዛዋል? ዋጋው ወደ 75 ሺህ ይወርዳል። አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ቢሆን ግን 96 ሺህ ገደማ ያወጣ ነበር። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ድንጋጤው ይበዛል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 አሜሪካ ውስጥ የሲሊከን ቫሊ ባንክ የወደቀው በዚህ ነው። የያዘው አብዛኛው ቦንድ የሚከፈል፣ አስተማማኝ የሚባል ነበር። ወለድ ሲጨምር ዋጋው ወረደ፣ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲጠይቁ በኪሳራ መሸጥ ግድ ሆነበት።

አቦ፣ ታዲያ እንሽሽ ወይ? በፍጹም። እኔ እዚህ የቆምኩት ዕድሉ እንዳያመልጣችሁ ነው። ድሮ ምርጫችን ቁጠባ፣ እቁብ፣ ወርቅና ቤት ነበር። ዛሬ የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 አለ፣ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አለ። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ተከፍቷል። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ዕድሜ አለው። ለነጋዴ የሚስማማው ይህ ይመስለኛል። ለበዓል ዕቃ የምታዘጋጁትን ገንዘብ 10 ዓመት ማሰር የለባችሁም። ለልጅ ትምህርት የሚሆነው ደግሞ ረዘም ሊል ይችላል። ገንዘባችሁ የሚፈለግበትን ቀንና ሰነዱ የሚከፈልበትን ቀን አጋጥሙ።

ወለድ የማትነኩ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም አልተረሳችሁም። ሱኩክ የሚባለው ሰነድ ብድር አይደለም፤ ከአንድ ንብረት ድርሻ ይዛችሁ ኪራዩን ወይም ትርፉን ትካፈላላችሁ። አደጋውም አብሮ ይመጣል፤ ንብረቱ ካልሠራ ኪራይ የለም። ስለዚህ ንብረቱ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚከራየው ጠይቁ።

እናንተ ደግሞ አበዳሪ ብቻ አይደላችሁም፤ ተበዳሪም ናችሁ። በነሐሴ 2015 የባንኮች የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገደብ ስንቶቻችሁ ከባንክ በር ተመልሳችኋል! ሒሳቡ ንጹሕ የሆነ ድርጅት አንድ ቀን ከሕዝብ በቦንድ ሊበደር ይችላል። በሁለት ደብተር ለሚሠራ ግን ማንም አያበድርም፣ ይህንን በግልጽ ልንገራችሁ።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት፣ ከነጠላዋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ አገኘን። የመክፈያ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ለግድቡ ብላ በፍቅር ገዝታው ነበር፣ ግድቡም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ገንዘቡ ግን የእሷ ነበር፣ ሳትጠቀምበት ሄደች። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የእናቶቻችሁን ሣጥን አስከፍቱ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ካለፈ፣ ነገ ጠዋት መታወቂያቸውን አስይዛችሁ አብራችኋቸው ባንክ ሂዱ።